ከብዳለች

እኛ ቤት “እሷ” የምንባል ሁለት ነበርን። አንዷ እኔ ነኝ። ሌላዋ ዎርክሾፑ መሀል፣ የብረት መቆሚያ ላይ ተሰቅላ፣ ክንፏን አጥፋ የቆመችው ናት።

እናቴ ተሽከርካሪ ነዳፊ ነበረች። ያን ጊዜ የምትሠራት መንገድ ላይ እንደ ማንኛውም መኪና የምትሄድ፣ መንገዱ ሲያልቅ ደግሞ ክንፏን ዘርግታ የምትነሳ ትንሽ መኪና ነበረች፤ ድልድይ በሌለው ወንዝ ማዶ ላለ በሽተኛ ሐኪም እንድታደርስ፣ ሲብስም በሽተኛውን ይዛ እንድትመለስ የታሰበች። የሚነዳትም የሚያበራትም አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አባቴ ወንበር ሰፊ ነው፤ ወንበሮቿንና ቀበቶዎቿን እሱ ይሰፋል። የምንኖረው ከዎርክሾፑ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ስለነበር የሙጫው ሽታ ትራሳችን ድረስ ይገባ ነበር።

ስም አልነበራትም። አጎቴ ስንት ስም አምጥቶ ነበር። እናቴ ግን “ተነስታ በሰላም ሳታርፍ ስም አይወጣላትም” ብላ ከለከለች። ስለዚህ “እሷን ዘይት አጠጣሃት?”፣ “እሷስ ዛሬ እንዴት አደረች?” እየተባለ ነው የሚዋለው። እኔም ብሆን ስም እያለኝ በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም። ለአባዬ “ልጅቷ” ነኝ፣ ለእናቴ “እሷ”። አጎቴ ብቻ፣ የትም ሲሄዱ ተሸክመውኝ ስለሚሄዱ፣ “ጓዜ” ይለኛል። “ጓዜ፣ ነይ እስቲ ልጫንሽ” ብሎ ትከሻው ላይ ሲያወጣኝ ወገቡን ይዞ ያቃስታል። ለማሳቅ ነው። እኔም እስቅ ነበር።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ክብ ልጅ ነበርኩ፤ ጉንጬ ለመቆንጠጥ የተመቸ፣ ሆዴ ከቀሚሴ ቀድሞ የሚደርስ። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ሆድ እንዳለኝ እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም።

የዚያን ቀን ከምሳ በኋላ አባዬ የስፌት ጠረጴዛ ሥር ተጋድሜ ነበር። ቦታው የኔ ነው። የስፖንጅ ቁርጥራጭ የታጨቀበት ጆንያ አለ፤ የአዲስ ቆዳ ሽታ አለው፤ ከላይ የስፌት መኪናው ሲሠራ ጠረጴዛው ይርገበገብና እንቅልፍ ያመጣል። የነቃሁት የስፌት መኪናው ቀጥ ሲል ነው። ከጠረጴዛው ሥር ስድስት ጫማ ይታየኛል።

“ከብዳለች” አለች እናቴ።

“በጣም?” የአጎቴ ድምፅ ነው።

“ካሰብኩት በላይ። እንደዚህ ሆና የትም አትሄድም።”

“ባለፈው ወር ደህና አልነበረች እንዴ?”

“ሆዷ ነዋ! ሆዷ ላይ የጨመርነው ነው ጉድ ያፈላው።”

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። “ታዲያ ሆዷን ቀነስ ብናደርገውስ?”

“ሆዷንማ አልነካም።” እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ከሌላ ከሌላ ቦታዋ እየለቀምኩ አቀልላታለሁ። እንግዶቹ ሊመጡ ነው። እንደዚህ ይዣት እነሱ ፊት አልቀርብም፤ አፍራለሁ።”

“የኋላ መቀመጫዋስ?” አለ አጎቴ። “ምን ይሠራል? እሱ ቢቀር እኮ ግማሽ መንገድ ሄድን ማለት ነው።”

“እስቲ ላስብበት” አለች።

ጫማዎቹ ሄዱ። የስፌት መኪናው እንደገና ተነሳ። እኔ ቀሚሴን ገልጬ ሆዴን አየሁት። ቁርስ ላይ ሁለት እንቁላልና ያ ሁሉ ዳቦ ገብቶበታል። በጣቴ ስጫነው ይሰረጉድና ተመልሶ ይነሳል። እዚያው ጨለማ ውስጥ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ፊቴ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። እናቴ ታፍርብኛለች። እንግዶች ሊመጡ ነው፣ እሷም እኔን ይዛ መቅረብ አፍራለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ለማለት። የኔ ጆሮ ግን ከዚያም የባሰ ነበር። ስለ ሌላ የተወራውን ለኔ አመጣልኝ።

ዛሬ ያንን ጨዋታ ቃል በቃል መድገም እችላለሁ፤ ቃል በቃልም ምን ማለት እንደነበረ አውቃለሁ። ሆዷ የሚሉት ከወለሏ ሥር ያለውን ንጣፍ ነው። ስስ አሉሚኒየም እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ከላይ ወድቃ መሬት ስትመታ እሱ ተጨፍልቆ ምቱን ይውጠዋል፤ ውስጧ ላለው ሰው ወገብ አይደርስም። “እሷ ትሰበር፣ ሰው እንዳይሰበር” ትል ነበር እናቴ። ጣጣው ግን የሰው ሕይወት የሚያተርፈው ነገር ሁሉ ክብደት ያለው መሆኑ ነው። ጠንካራ ትሁን ስትላት ትከብዳለች፤ ቀላል ትሁን ስትላት አቅም ታጣለች። እናቴ በሁለቱ መሀል ተይዛ ስንት ወር እንቅልፍ አጥታለች። ይህንን ሁሉ ያን ጊዜ ማን ይንገረኝ? ማንስ ማወቅ እንደሚያስፈልገኝ ገመተ?

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሰማሁትን የሚያረጋግጥ ሆነብኝ። በማግስቱ እናቴ ከእንቅልፌ እንደተነሳሁ ጠራችኝና ዕቃ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ አቆመችኝ።

“ቀጥ በይ። አትወዛወዢ።” ከዚያ ቁጥሩን አየችና ሳቀች። “ወይ ጉድ! አንቺ ልጅ ድንጋይ ነው እንዴ የምትበዪው?”

ቂጤን መታ አድርጋ ሸኘችኝ። ቁጥሩን ለአባዬ ጮክ ብላ ስትነግረው፣ እሱም “ይህን ያህል?” ብሎ ሲደነቅ ከኋላዬ ሰማሁ። እኔም አብሬያት ስቄ ነበር።

የዚያን ቀን ዳቦዬን ብብቴ ሥር ይዤ ወጣሁና የስፖንጁ ጆንያ ውስጥ ከተትኩት። መቀነስ የጀመርኩት እንዲህ ነው። ሾርባዬን ማንም ሳያይ ድስቱ ውስጥ እመልሳለሁ። ወተቱን መስኮቱ ሥር እደፋለሁ። ማንም ልብ አላለም፤ እነሱም ቢሆኑ የሚበሉት ቆመው ነው፣ አንድ እጃቸው ላይ ቁርጥራጭ ዳቦ፣ አንድ እጃቸው ላይ መፍቻ። አባዬ ብቻ አንድ ቀን መርፌውን አፉ ውስጥ እንደያዘ አየት አደረገኝና፣ “ልጅቷ ገርጥታለች” አለ።

“እየረዘመች ነው” አለች እናቴ፣ ቀና ሳትል።

ረሃብ መጀመሪያ ሆድ ውስጥ ነው፤ ኋላ ግን አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ሙጫው ሲፈላ ማር ማር ይሸተኝ ጀመር። አባዬ ቆዳ ሲቆርጥ ምራቄን እውጣለሁ። ከሰው ፊት ስቆም እጆቼን ሆዴ ላይ አቆላልፋለሁ። አጎቴ “ጓዜ፣ ነይ ልጫንሽ” ሲለኝ እሸሻለሁ፤ ቢያነሳኝ ያቃስታል፣ ያኔ እናቴ ትሰማለች።

አንድ ቀን ደግሞ የአባዬን የቆዳ መቀስ አንስቼ ሁለቱንም ጉንጉኖቼን ከሥራቸው ቆረጥኳቸው። ቀላል አልነበረም፤ መቀሱ ከእጄ ይበልጣል። እናቴ በር ላይ ቆማ አየችኝ።

“ምን አድርገሽ ነው?”

“ሞቀኝ።”

መሬት ላይ የወደቀውን ጉንጉን አነሳች። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ እንደ ልማዷ፣ መዳፏ ላይ አድርጋ ከፍ ዝቅ አደረገችው። ክብደቱን ማየቷ ነው። እጇ የለመደው ነገር ነው፤ ብሎንም ብታነሳ፣ ማንኪያም ብታነሳ እንዲሁ ታደርጋለች። እኔ ግን ደረቴ ተነፋ። አወቀችልኝ አልኩ። ከዚያ ፊቷ ጨፈገገና፣ “የዛሬ ልጅ!” ብላ ጉንጉኑን ጠረጴዛው ላይ ጥላልኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከሁሉ የባሰው ግን የጓሮው ነገር ነው።

አንድ ጠዋት “ከክፍልሽ እንዳትወጪ” ተባልኩ። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ጥግ ላይ ቀዳዳ ነበረው። በዚያ አየኋቸው። እሷን በገመድ አስረው በክሬን ሰቅለዋታል፤ ከቤታችን ጣሪያ በላይ ሆና ቀስ ብላ ትዞራለች። ክንፍ የላትም፤ ክንፏን ነቅለውላታል። ከዚያ ስትዞር የኋላ መቀመጫዋ ወደኔ መጣ። ልጅ ተቀምጣበታለች። ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሳለች፤ ጠበበሽ ብለው የወሰዱብኝን። ቀበቶ ታስሮላታል። ፊት የላትም።

“ልቀቃት!” አለች እናቴ።

ወደቀች። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ አቧራው ሁሉንም ሸፈናቸው። አቧራው ሲያልፍ እሷ መሬት ላይ እንደተረገጠ ቆርቆሮ ጠፍጣፋ ሆና ነበር፤ እናቴ ደግሞ ግማሽ አካሏን በመስኮቷ አስገብታ ታለቅሳለች። ቀበቶውን ፈትታ ያቺን ልጅ ጎትታ አወጣቻት። ደረቷን ዳበሰች፣ ጆሮዋን ለጠፈችበት፤ ከዚያ ተንበርክካ እቅፍ አደረገቻት።

“አልተሰበረችም! ልጄ አልተሰበረችም! ተረፍሽልኝ!”

አባዬም አጎቴም አብረው አቀፏት። አራቱም አቧራ መሀል ተቃቅፈው ይዘላሉ።

ያቺ አሻንጉሊት የተሞላችው አሸዋ ነበር፤ በኔ ልክ፣ በኔ ክብደት። ለዚህ ነው ሚዛን ላይ የቆምኩት። ደረቷ ውስጥ አባዬ ስስ ብርጭቆ ሰፍቶባት ነበር፤ እሱ ካልተሰበረ የልጅ ደረትም አይሰበርም ብለው። እናቴ አስባበት የኋላ መቀመጫውን አላወጣም ያለችው፣ በሽተኛው ሕፃን የሆነ ቀንስ ብላ ነው። “ልጄ” ስትል እኔን ማለቷ ነበር። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ያቀፈችኝ ቀን የለም ብል ውሸት አይሆንም፤ እኔ ግን ክፍል ውስጥ ተዘግቶብኝ በወረቀት ቀዳዳ እያየሁ ነበር። ያየሁትም ሌላ ልጅ ነው። ሌላ ልጅ ወልደዋል አልኩ፤ የማትበላ። ፀጉር እንኳ የላትም።

እንግዶቹ የመጡት ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሁለት ወንድና አንዲት ሴት። እሷ ተጠግና፣ አዲስ ሆድ ተሠርቶላት፣ ክንፏ ተመልሶላት፣ በሩ አጠገብ ያለው ትልቁ ሚዛን ላይ ቆማለች። እናቴ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሳለች፤ ጥፍሯ ሥር ግን ሙጫው አልለቀቀም። እኔ ከክፍላችን በር ኋላ ነበርኩ። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ብቻ ነው የጠጣሁት፤ ወለሉ እንደ ጀልባ ይወዛወዝብኝ ነበር።

መነጽር ያደረገው እንግዳ ሚዛኑን አየ። “ከብዳለች” አለ።

“አውቃለሁ” አለች እናቴ።

“ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው። ጎበዝ ነሽ። ይሄን ሆዷን አውጪውና ዛሬውኑ እንዋዋል። ከዚህ የምትሠራው መቶ ናት፣ አንዲት አይደለችም። ደግሞ በየቀኑ አትወድቅ!”

ሴትዮዋ ፈገግ አለች። እናቴ ሚዛኑን ደግማ አየች። አባዬ ቀበቶ እያፍተለተለ ነው። አጎቴ፣ በዚያች ነገር ላይ ተቀምጦ ደመና ውስጥ የሚገባው እሱ፣ ጫማውን ያያል።

“ጊዜ የለንም” አለ መነጽራሙ። “መቀነስ ትችላለች ወይስ አትችልም?”

በእናቴ ላይ የሚሆነውን ማየት አልቻልኩም፤ አንገቷ ቀልቷል፤ በኔ ምክንያት ነው። በሩን ገፋሁት።

“እችላለሁ” አልኩ።

ሁሉም ዞሩ።

“ዳቦ ትቻለሁ። ፀጉሬንም ቆርጫለሁ። ሆዴ ነው ገና ያልጠፋው፤ ትንሽ ቀን ብቻ ስጡኝ።” እንዳላለቅስ ከንፈሬን ነክሼ ጨመርኩ፤ “ከኋላ መቀመጡም ይቅርብኝ። ያቺኛዋ ልጅ ትቀመጥ።”

መነጽራሙ ከት ብሎ ሳቀ። አጎቴም ሊስቅ አፉን ከፈተና እንደከፈተው ቀረ። እናቴ ታየኛለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው እንደዚያ ያየችኝ፤ ዓይኗ ፀጉሬ ላይ፣ ከዚያ አንገቴ ላይ፣ ከዚያ የእጄ አንጓ ላይ፣ ከዚያ ቀሚሴ እንደ ጆንያ የተንጠለጠለበት ሆዴ ላይ ወረደ። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር አውቀዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ጠረጴዛው ሥር ፊቴን ያጋለው ያው እሱ ነው። አፈረችብኝ አልኩ። እንግዶቿ ፊት አዋረድኳት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ስመኝ፣ ወለሉ ላይ ወደቅኩ።

ያነሳኝ አባዬ ነው። “ላባ ሆናለች” አለ፤ ድምፁ እየተቆራረጠ። “ኧረ ላባ ሆናለች እናንተ!”

እኔ ትከሻው ላይ ሆኜ ደስ አለኝ።

ከዚያ እናቴን ሰማኋት። ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

“አትቀንስም።”

“ማን?” አለ መነጽራሙ፣ ሳቁን ሳይጨርስ።

“አትቀንስም አልኩ። ሆዷ አይነካም። ተነሱልኝ ከዚህ፤ ሂዱ!”

ሄዱ፤ አልተመለሱም። ሌላ ሰው ቀለል አድርጎ ሠርቶላቸው እንደሆነ፣ ያ የተሠራውም ምን እንደሆነ አላውቅም። ዎርክሾፑ ተለቀቀ። እሷ ስም ሳይወጣላት ተፈታታ፣ ክንፏ ለአንዱ፣ ሞተሯ ለሌላው ሄደ። እናቴ አውቶቡስ የሚገጣጥም ድርጅት ተቀጥራ፣ ጡረታ እስክትወጣ የወንበር እግር ስትነድፍ ኖረች። ስለዚያ ቀን በቤታችን አንድም ጊዜ አልተወራም። አጎቴ አንዴ እራት ላይ እንደ ቀልድ ሊያነሳው ሲል እናቴ ሳህኗን ይዛ ተነስታ ወጣች። ለኔ ምግብ ስታወጣ ሳህኑ አፉ ድረስ ይሞላል፤ ጨርሼ እስክነሳ አጠገቤ ተቀምጣ ታየኛለች። ቅጣት ይመስለኝ ነበር።

“እሷ” ማን እንደነበረች አባዬ የነገረኝ ትልቅ ልጅ ከሆንኩ በኋላ ነው። ነገሩ ሲገባኝ ሊያስቀኝ ይገባ ነበር። ግን ኀፍረቱ መልኩን ቀየረ እንጂ አልለቀቀኝም። ድሮ ሆድ ስላለኝ ነበር የማፍረው፤ ኋላ ደግሞ እናቴ ዕድሜዋን የሰጠችውን ሥራ በአንዲት የልጅ ንግግር ስላፈረስኩባት። አውቶቡስ ተሳፍሬ ወንበር ላይ ስቀመጥ ሁሌ ይሄ ነው የሚመጣብኝ።

ባለፈው ዓመት እናቴን በመኪናዬ ከዓይን ሐኪም ቤት እየመለስኳት ነበር። መንገዱ ተዘጋ። ፊት ለፊታችን አንዲት ትንሽ መኪና ከምሰሶ ጋር ተጋጭታ፣ አፍንጫዋ እንደ ወረቀት ተጨማዷል። ነጂው ዝናቡ ውስጥ ቆሞ በስልክ ይጮሃል። አንድም ጭረት የለበትም። እናቴ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ በደከመ ዓይኗ ብዙ አየቻት።

“ጥሩ አድርጋ ተሰብራለች” አለች። ከዚያ ወደኔ ሳትዞር፣ “ያን ቀን እሺ ልላቸው ነበር” አለች።

“ማንን?”

“እንግዶቹን። ሆዷን አወጣላችኋለሁ ልላቸው። ወስኜ ነው የገባሁት። ለወንድሜ እንኳ አልነገርኩትም፤ የሚበርባት እሱ ሆኖ ሳለ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። አንቺ ቀደምሽኝ።”

“እኔ እኮ ያፈረስኩብሽ እኔ ነኝ እያልኩ ነው የኖርኩት” አልኳት።

“አንቺ?” አሁን ዞረች። “አንቺ ምን አደረግሽ? ልጅ ነሽ። እኔ ነኝ እንጂ ፊትሽን ማየት አቅቶኝ የኖርኩት። ሁለት ጊዜ መዝኜሻለሁ፤ ታስታውሻለሽ?”

አንዱን ብቻ ነበር የማስታውሰው።

“ሁለተኛው አሻንጉሊቷን ከመጣላችን በፊት ነው፤ ልክ መሆኗን ላረጋግጥ። ቀንሰሽ ነበር። በጣም ቀንሰሽ ነበር። ቁጥሩን አየሁት፣ በዚህ ዓይኔ። ምን ያደረግሁ ይመስልሻል?” መስታወቱን መልሳ ዘጋች። “ሚዛኑ ተበላሽቷል አልኩ። አጎትሽን ጠርቼ አስተካክለው አልኩት።”

ከኋላችን ያሉት መኪኖች ጥሩንባ ይነፋሉ። መንገዱ ተከፍቷል፤ እኔ ግን ሞተሩን አጠፋሁት።

“ርቦሽ ነበር?” አለችኝ።

አልራበኝም ልላት ፈለግሁ። አሮጊት ናት፤ ምን ይጠቅማታል? ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ሳህን በሞላች ቁጥር፣ ልትጠይቀኝ ፈልጋ ያልቻለችው ይህንን እንደነበረ ገባኝ።

“በጣም” አልኳት። “በጣም ርቦኝ ነበር፣ እማዬ።”

በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።